ታጠቅ ወለደ

ጥሊሊ ውስጥ ሥራ ፈት እንስሳ የለም። በሬው ያርሳል፤ አህያው ድንች ያመላልሳል፤ ውሻው ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል፤ ድመቲቱ አይጥ ትይዛለች፤ ዶሮዪቱም እንቁላል መጣል ያቆመች እንደሆነ ለምን እንደምትውል ሁሉም ያውቃል። ፈረሱንማ ምኑን አነሣዋለሁ! በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ ከ50 ሺህ በላይ አባላት ያሉት የፈረሰኞች ማኅበር የእኛው የአዊ ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሶቹ ከነጌጣቸው ሲሰለፉ ያየ ሰው ወደ ራሱ ልብስ ዞር ብሎ ያፍራል።

እንግዲህ በዚህ አገር ተወልዶ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጄ ፈረስ አማረው። አምሮቱ አልገረመኝም፤ ያስደነገጠኝ ዋጋው ነው። «እስኪ አጎትህን ጠይቀው» አልኩት። አዲስ አበባ የሚኖር ወንድም የሚፈለገው እንዲህ ላለው ቀን አይደል? ወንድሜም በስልክ፣ ምንም ሳያቅማማ፣ «አመጣልሃለሁ» አለው።

ለገና ሲመጣ ከአውቶቡስ የወረደው የብስኩት ካርቶን አቅፎ ነበር። ካርቶኑ በቢላ ተበሳስቷል። ዓባይ በረሃ ላይ ሙቀቱ እንዳይገድላቸው ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጎናቸው አስተኝቶ፣ እስከ ደጀን በጋዜጣ ሲያራግብላቸው መምጣቱን እያማረረ ነገረን። ልጄ ክዳኑን ከፈተ። ጅራት የሌላቸው፣ ድቡልቡል ያሉ ሁለት ፍጡሮች አፍንጫቸውን እያርገበገቡ ቀና ብለው አዩት። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ነጭ። ልጄ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣

«ፈረሱ ትንሽ ነው» አለ።

«ጊኒ ፒግ ነው የሚባሉት» አለ ወንድሜ፣ ወደ እናታችን ዞሮ።

የእናቴ ጆሮ ትንሽ ከብዷል። የሰማችው «ጂኒ» የሚለውን ነው። ሦስት ጊዜ አማተበችና በአገውኛ ጀመረች፤ እናቴ ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋታል። ጠበል ልታመጣ ስትነሣ «ኧረ ጂኒ አይደለም፣ ጊኒ ነው!» እያልን ተከተልናት። ይህን ጊዜ ግርግሩን ሰምቶ የገባው የጎረቤታችን ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ነገሩን ላስተካክል አለ። «እማማ፣ አይደንግጡ። ፒግ ማለት በእንግሊዝኛ አሳማ ማለት ነው።»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ በሰፈሩ ዘንድ አሳማ አርቢዎች ሆንን።

ለፍርድ ያህል ልናገር፤ ስሙ ከራስ እስከ ጅራቱ ሐሰት ነው። ከጊኒ አልመጡም፤ አሳማም አይደሉም። ሊቃውንት ያወጡላቸው የላቲን ስም ውስጥ ሳይቀር «ትንሽ አሳማ» የሚል አለበት፤ የሰፈራችንን ወሬ ሳይንስም አግዞታል ማለት ነው። ወገናቸው ከአይጥ፣ ከፍልፈልና ከጃርት ነው። አገራቸው ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራራ ነው፤ እዚያ ሰው ካለመዳቸው ሺህ ዓመታት አልፈዋል። «ኩይ» ይሏቸዋል። በየማጀቱ ወለል ላይ እንደ ጫጩት ሲርመሰመሱ ከርመው በዓል ሲደርስ ወደ ምጣዱ ይሄዳሉ። ፔሩ ውስጥ በኩዝኮ ካቴድራል የተሰቀለ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ማርኮስ ዛፓታ የሣለው የመጨረሻው እራት ሥዕል አለ፤ ገበታው መካከል እግሯን ሰቅላ የተጋደመችው ኩይ ናት ይባላል። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ደጅ ቢያድር የሚሻል እውነት አለ።

በማግስቱ የነፍስ አባታችን መጡ። ካርቶኑን ጎንበስ ብለው አዩ። እናቴ ዘሌዋውያን ላይ አይጥ ከርኩሳን መቆጠሯን አስታወሰቻቸው፤ ረስተውት እንደሆነ ብላ።

«ልትበሏቸው ነው?» አሉ አባ።

«ኧረ በስመ አብ!»

«እንግዲያ ምን አስጨነቃችሁ? ድመቷንስ ማን በላት?» ብለው ጠበሉን ረጩ፤ የረጩት ግን ካርቶኑን አይደለም፣ እኛን ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ መለስ አሉና፣ «ለመሆኑ ምን ይሠራሉ?» ብለው ጠየቁ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ ያንኑ ይጠይቃል። «ያምራሉ» የሚል የለም፤ «ይናከሳሉ?» የሚል ጥቂት ነው። ምን ይሠራሉ?

ስም ያወጣላቸው ልጄ ነው። አጤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጤ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም መሆኑን ከእኔ ሰምቶ ነበር። ቡናማው ታጠቅ፣ ነጩ ዳኘው ሆኑ። ሁለቱም ወንድ ናቸው ብሎናል አጎቱ። ማዕረጉ ለእኔም ተረፈኝ፤ ሚስቴ እስከ ዛሬ ድረስ «አባ ታጠቅ፣ ዘይት አልቋል» ትለኛለች።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከአማርኛችን ነው። ወንድሜ ሊሄድ ሲል «ዋናው ምግባቸው ድርቆሽ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ከፊታቸው አይጥፋ» ብሎ አዘዘ። እናቴ ትእዛዝ አክባሪ ናት። ማታ ስገባ ሁለቱም ጥግ ይዘው ተኮራምተው፣ ከፊታቸው አንድ ቁና የሚሞላ የእንጀራ ድርቆሽ ተቆልሎ አገኘሁ። «አይበሉም» አለች ቅር ብሏት፣ «በርበሬ ይነስነስበት?» የሣሩን ድርቆሽ ነው ብዬ ሳስረዳት፣ «እሱን ለከብት ነው የምናውቀው» አለች። እውነቷን ነው፤ የእነሱም ሆድ ከብት ቢጤ ነው። ሣር ካልገባበት ሥራውን ያቆማል። ጥርሳቸው ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ ያድጋል፤ ቀኑን ሙሉ ሣር ካልፈጩበት ረዝሞ አፋቸውን ይዘጋዋል። መኖ የተሞላ ሳህን አስቀምጦ መሄድ ስለዚህ አያዋጣም።

ሁለተኛው ነገር ጎመን ነው። እነዚህ ፍጡሮች እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ውስጥ መሥራት አይችሉም፤ በየቀኑ ከአረንጓዴ ነገር ካላገኙ ድዳቸው ይደማል፣ መገጣጠሚያቸው ያብጣል። ይህን ስነግራት እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «ጎመን በጤና ሲባል ለእነዚህ ኖሯል!» ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎመኑ ኃላፊ እሷ ሆነች።

ድንቹ ግን አጣላን። የአዊን ምድር የሚያውቅ ሰው ድንች እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ልጄ እንግዳ ማክበሩ ነው፤ ከጓሮ የተለቀመ ጥሬ ድንች ከነቅጠሉ አቀረበላቸው። ወንድሜ ይህን በስልክ ሲሰማ የጮኸው ጩኸት ያለ ስልክም ከአዲስ አበባ ይሰማ ነበር። ቅጠሉ መርዝ ነው፤ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነው ልጣጭና ያቆጠቆጠው ጫፍም እንዲሁ። እንደ እድል ሆኖ ታጠቅ አሽትቶ ትቶታል። «ድንቻችንን ናቀ» አለች እናቴ፣ ለሁለት ቀን አኮረፈችው።

ቤታቸውን የሠራነው ከቀርከሃ ነው። እንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር ሲሸጥ እያየሁ ስላደግሁ፣ ማየት እንደ መቻል ይመስለኛል። የመጀመሪያው ቤት የዶሮ ቅርጫት መሰለ። ወንድሜ በፎቶ አይቶ «እስር ቤት ነው» አለ፤ ለሁለት ጊኒ ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል የሚሮጡበት ሜዳ ያስፈልጋል፣ ፎቅ ሳይሆን ሜዳ፤ ወለሉም ሽቦ ከሆነ እግራቸው ይቆስላል። ሁለተኛውን አሰፋነው። ለእያንዳንዳቸው መደበቂያ ጎጆ፣ ለእያንዳንዱ ጎጆ ሁለት በር፤ አንዱ ሌላውን ጥግ አስይዞ እንዳይነክሰው። ቀርከሃውን ወዲያው መቆርጠም ጀመሩ። ኪራይ የማይከፍል ሰው ቤቱን ሲበላ ማየት ምን ያህል እንደሚያናድድ አከራዮች ያውቁታል። ለመኝታቸው አናጢ ዘንድ ሄጄ ሰጋቱራ አመጣሁ፤ የጥድ ነበር፣ ቤቱ ሁሉ ሸተተ፤ ታጠቅ ሲያስነጥስ አደረ። አቧራውም ሽታውም ለሳንባቸው አይሆንም። የጤፍ ጭድ ተተካ። እርጥቡን በየቀኑ፣ ሁሉንም በየሳምንቱ መቀየር ነው። ከበሩ ንፋስ፣ ከማጀቱ ጭስ፣ ከእርጥብ ወለል ራቅ አድርገን መደብ ላይ አስቀመጥናቸው። የጥሊሊ ብርድ እንኳ ብዙ አያስፈራቸውም፤ ተራራ ለተራራ ይተዋወቃል። የሚገድላቸው እርጥበቱና ንፋሱ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

ድመቷን እዚህ ላይ ካላነሣሁ ግፍ ነው። አምስት ዓመት በአይጥ መያዝ ሥራ ያገለገለች፣ አንድ ቀን ያልቀረች ሠራተኛ ናት። ከሥራዋ ስትገባ ሁለት ወፋፍራም አይጦች መደብ ላይ ተቀምጠው ጎመን ሲጎርሱ አገኘች። መጀመሪያ እኛን አየችን። ከዚያ እነሱን። ከዚያ እንደገና እኛን። እስከ ዛሬ ድረስ ማታ ማታ ከፊታቸው ተቀምጣ፣ ሰው ቴሌቪዥን እንደሚያይ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸዋለች። ክዳኑ ላይ ድንጋይ አለ። ለምዳቸዋለች የሚል ሰው ካለ ድንጋዩን አንሥቶ ይሞክር፤ በእኔ ልጅ እንስሳ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ ለእሱ ነው የተባለው። ልጄ እንስሳ የሚወደው በመጨበጥ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ታጠቅን ከላይ እንደ ጭልፊት አፈፍ ሲያደርገው፣ ታጠቅ እንደ ፉጨት ያለ ጩኸት አሰማና ለግማሽ ቀን ከጎጆው አልወጣም። ልጄ አለቀሰ። «አይወደኝም።» እኔም እንደ አባት አንድ ትልቅ ነገር ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን እንደምል አላወቅሁም። ወንድሜን ደወልኩለት። እሱ ያለው አጭር ነው፦ «መሬት ላይ ይቀመጥ። ጎመን ይያዝ። ዝም ይበል።»

ይህ ልጅ የሒሳብ የቤት ሥራ ሲሠራ አምስት ደቂቃ የማይቀመጥ ነው። ቅዳሴ ላይ እናቱ ቀሚሷን በእጁ ላይ ጠቅልላ ነው የምትይዘው። በዚያ ምሽት ግን ሰሌን ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ መዳፉ ላይ የጎመን ቅጠል ዘርግቶ ተቀመጠ። አርባ ደቂቃ። አፍንጫውን እንኳ አላከከም። ምንም አልመጣም። በማግስቱም ተቀመጠ፤ ዳኘው ከጎጆው በር ላይ አንገቱን አውጥቶ ተመለሰ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አይቼው የማላውቀው ዝምታ በልጄ ላይ ሲወርድ አየሁ። በሦስተኛው ምሽት ዳኘው መጣ። ቅጠሉን ጎትቶ ሄደ። ልጄ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «አባዬ፣ አየኸው?» አለኝ። አየሁት።

አያያዙን በኋላ ተማረ፤ አንድ እጅ ከደረቱ በታች፣ አንድ እጅ ከመቀመጫው በታች፣ ሁልጊዜም መሬት ላይ ተቀምጦ። ከእጅ የወደቀ ጊኒ አጥንቱ ይሰበራል። ከነኩ በኋላ እጅ መታጠብ ነው፤ ጭርት ከእነሱ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ቤተሰብ ይዛመታል። አንድ ጊዜ ደግሞ ዳኘው የገዛ ፋንድያውን ሲበላ አይቶ ተንሰቅስቆ መጣ። በሽታ አይደለም፤ ለስላሳውን መልሰው ካልበሉት የሚፈልጉትን ምግብ ሁሉ አያገኙም። ይህንንም ለእናቴ አልነገርናትም። የማንነግራት ነገር እየበዛ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሚጠበቀው ሆነ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በውርጭ፣ በስልክ መብራት ከሸራ ሥር ሣር የምጎትተው እኔ ሆንኩ፤ ባለ ፈረሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ልቆጣ ብሞክር አልሆነም። በመጨረሻ የአባቴ ሥርዓት ትዝ አለኝ፤ አባቴ ከብቱ ውኃ ሳይጠጣ እሱ አፉን አይፈታም ነበር። «እነሱ ሳይበሉ ቁርስ የለም» አልኩ፤ ለእኔም ጭምር። በርሀብ የሚሠራ ሕግ ሌላ አስታዋሽ አይፈልግም። የሆነ ሆኖ ልጁ ቢዘነጋ እንስሳው አይራብ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያግዛል እንጂ ኃላፊ አይሆንም። ሣሩን አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን የምጎትተው እኔ ነኝ፣ ለማንም አልናገርም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሱቅ ወስደን እናስመዝናቸዋለን። እነዚህ ለአዳኝ ሲሳይነት የተፈጠሩ እንስሳት ናቸው፤ ሲታመሙ ይደብቃሉ። ቀድሞ የሚናገረው ክብደታቸው ነው፤ ከቀነሰ አንድ ነገር አለ። መድኃኒት ደግሞ እንዲሁ አይሰጣቸውም፤ ለሰውና ለከብት የሚሰጠው ፔኒሲሊን እነሱን ሊገድላቸው ይችላል። ባለ ሱቁ ስኳር የሚመዝንበት ሚዛን ላይ ጋዜጣ ያነጥፋል፣ ልጄ ታጠቅን ያስቀምጣል፣ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቁጥሩን ያነባል። ሲመጣ 650 ግራም የነበረው ታጠቅ በየካቲት መጨረሻ ከ1 ኪሎ አለፈ። «ዐቢይ ጾም ገብቶ የወፈረ እሱን ብቻ አየሁ» አለ ባለ ሱቁ። እኛ ኮራን። እኔማ ወፍራምነቱ አሳስቦኝ ጎመኑን ቀነስኩበት፤ ይህን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

በመጋቢት መጀመሪያ አንድ ማለዳ ልጄ በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ።

«አባዬ! ታጠቅ ወለደ!»

ሦስት ናቸው። ጠጉራቸው ተበጥሯል፤ ዓይናቸው ተገልጧል፤ ጥርስ አላቸው፤ በማግስቱ ሣር ሲቆረጥሙ አየናቸው። የአይጥ ልጅ ቀይ፣ ዕውርና ራቁት ሆኖ ነው የሚወለደው፤ እነዚህ ግን ከሁለት ወር በላይ ሆድ ውስጥ ስለሚቆዩ ጨርሰው ነው የሚመጡት። «እነዚህስ ክርስትና ተነሥተው ነው የተወለዱት» አለች እናቴ። ወንድሜ በስልክ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ሻጩ ሁለቱም ወንድ ናቸው ብሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ ድንገት ድምፁ ተለወጠ፦ «ዳኘውን አውጣው! አሁኑኑ!» ለካ በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ትፀንሳለች። ወንዱ ግልገልም ሦስት ሳምንት ሲሞላው ከእናቱ መለየት አለበት። ልጄ፣ ያ ሒሳብ የማይወደው፣ ወረቀት አምጥቶ ማባዛት ጀመረ። ለዓመቱ ያገኘውን ቁጥር ሳነብ እናቴ፣ «ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ሃምሳ ሺህ ለመድረስ ስንት ቀራቸው?» አለች።

ዳኘው ለብቻው ተለይቶ በአጥሩ ማዶ ሲያፏጭ ሰነበተ። ብቻቸውን መኖር አይወዱም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ደንብ ጊኒን ያለ ጓደኛ ማኖር ከልክላለች። ይህንን ለእናቴ ብነግራት «ያ መንግሥት ሌላ ሥራ የለውም?» አለች፤ ማታ ግን ዳኘው አጠገብ ወንበር ስባ ጥጥ ስትፈትል አገኘኋት። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ወንዱ ግልገል፣ ስሙ ነፍሶ ነው፣ በደጃዝማች ባልቻ ፈረስ ስም፣ ከአባቱ ጋር ገባ። ሴቶቹ ከታጠቅ ጋር ቀሩ። ታጠቅን ስሟን እንለውጥ ብለን ነበር፤ ልጄ እምቢ አለ። «ፈረስ ናት» አለ።

እኔ በዚህ መሐል ለእንግዶች የሚሆን መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ለዓለም ሲያሳይ በጊኒ ላይ ሞክሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሁለት የኖርዌይ ሊቃውንት የቫይታሚን ሲን እጦት መመርመር የቻሉት በእነዚሁ ነው። ዘመዳቸው ትልቁ የአፍሪካ አይጥ ደግሞ ታንዛኒያ ውስጥ እየሠለጠነ ፈንጂና ነቀርሳ በማሽተት ይለያል፤ ማጋዋ የተባለው በሥራ ዘመኑ ካምቦዲያ ላይ ከመቶ በላይ ፈንጂና ያልፈነዳ ተተኳሽ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ም የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል። ይህን ሁሉ ለእናቴ በትዕግሥት አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ጥሩ» አለች። «የእኛዎቹስ?»

ባለፈው እሑድ የሩቅ ዘመዳችን ከቡሬ መጣ። ጊኒዎቹ የፌስታል ድምፅ ሲሰሙ ጎመን የመጣ እየመሰላቸው አምስቱም በአንድ ላይ ያፏጫሉ፤ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማዋል። ዘመዳችን ገብቶ፣ ተሳስሞ፣ ተቀመጠ። ዝም አሉ። ቡና ተፈላ። ዝም አሉ። ቀርከሃውን ብዙ ካየ በኋላ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ «እንዲያው እማማ፣ እነዚህ ነገሮች ምን ይሠራሉ?» አላት።

እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ደጅ ይጠብቃሉ» አለችው። «ፌስታል ይዞ የመጣውን ዘመድና ባዶ እጁን የመጣውን ይለያሉ።»